ሂደትና ይዘት

ዴንማርክ ተራራ የሌላት አገር ናት። የምድሯ ጉልላት የሆነው ሞለሆይ የሚባለው ጉብታ ከባሕር ወለል በላይ 171 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እኔም ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ፣ ደመና ከእግሬ በታች ሲያልፍ እያየሁ ያደግሁ ነኝና፣ በኮፐንሃገን ጎዳናዎች ስመላለስ ሰማዩ ከአራቱም ማዕዘን እኩል ወርዶ መሬቱን የነካ መስሎ እየታየኝ፣ ዓይኔ የሚያርፍበት ገደልና ሸንተረር አጥቶ ሲባዝን ሰነበተ። ስለዚህ ቲቮሊ በሚባለው የአትክልት ስፍራ ውስጥ የተራራ መልክ ተሰጥቶት የቆመውን የእንጨት ሥራ ባየሁ ጊዜ፣ ተራራ ያልተሰጠው ሕዝብ በገዛ እጁ ተራራ አቁሞ፣ ከተራራ የሚገኘውን ድንጋጤ በገንዘቡ ሊሸምት ተሰልፎ መቆሙ ታላቅ አንክሮ አሳደረብኝ። በአገሬ ቁልቁለት ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር ነው፤ ሰው ስለት የሚሳለው ቁልቁለቱን በሰላም ለመጨረስ ነው።

ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ቲቮሊን በ1843 የከፈተው ጌኦርግ ካርስተንሰን የተባለ ሰው ነው፤ ከንጉሡ ከክርስቲያን 8ኛ ፈቃድ በለመነ ጊዜ፣ ሕዝብ የሚጫወትበት ካገኘ ስለ ፖለቲካ አያስብም ብሎ አግባብቷቸዋል እየተባለ ይነገራል። ነገሩ እንደተባለው ከሆነ፣ ቦታው ከመጀመሪያውም ለሕዝብ ልጓም እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው ማለት ነው። በመካከሉ የሚታየው ኩሬ የጥንቱ የከተማ ምሽግ ቦይ ቅሪት ነው፤ ጠላትን ሊከለክል የተቆፈረው ውኃ ዛሬ የፋኖሶችን ብርሃን ተሸክሞ ይተኛል።

ያ ተራራ መሰል የእንጨት ሥራ፣ ሮለር ኮስተር የሚባለው የጨዋታ ባቡር መንገድ፣ ሥራ የጀመረው በ1914 ነው። ያ ዓመት የአውሮፓ መንግሥታት ራሳቸው ሊቆሙ በማይችሉበት ቁልቁለት መውረድ የጀመሩበት ዓመት መሆኑን ሳስብ፣ ይህች ትንሽ ባቡር ሁለቱን የዓለም ጦርነቶች አሳልፋ እስከ ዛሬ ሕፃናትን ስትጭንና ስታወርድ መኖሯ ያጽናናኛል። እኔን ግን ከዕድሜዋ ይልቅ ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። በዘመናችን ሮለር ኮስተሮች ፍሬኑ በሐዲዱ ላይ ተተክሎ ባቡሩን ይጠብቃል፤ ይህች ግን ፍሬኗን ከነያዡ ተሸክማ ትሄዳለች። ከመንገደኞቹ ጋር አንድ ሰው ይሳፈራል፤ እጀታውን ጨብጦ፣ እንደነርሱ ሳይጮኽ፣ እንደነርሱ ዓይኑን ሳይጨፍን፣ ያንኑ ተራራ በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እየወጣና እየወረደ ይውላል። እንዲህ ያለ ሰው የሚያሳፍሩ ሮለር ኮስተሮች በዓለም ላይ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ አንዱ በ1912 በሜልበርን ሉና ፓርክ የተከፈተው ሲሆን፣ አንዱም በእንግሊዝ አገር በማርጌት በ1920 የተከፈተው ነው።

ሰውየውን ሳየው ሐሳቤ ወደ ጣርማበር በረረ። ልጅ ሳለሁ አባቴ እህል በጫነች መኪና ላይ፣ ከሹፌሩ አጠገብ በጭኑ መካከል አስቀምጦኝ ወደ ደብረ ሲና ወርደን ነበር። ጣልያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈን ብርሃን ዳግመኛ ባገኘን ጊዜ መሬት ከፊታችን ታጣች፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጉሙ ገባ፤ ሹፌሩም በከባድ ማርሽ እየያዘ፣ እግሩን ወደ ፍሬኑ እየመለሰና እያነሣ፣ የጋለው የፍሬን ሽታ አፍንጫችንን እየሰነፈጠው ቁልቁል ወረድን። ረዳቱ ከኋላ በጭነቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ መኪናው ትንፋሽ ሊሰበስብ በቆመ ቁጥር ዘሎ እየወረደ ከጎማው ሥር ታኮ ይሸጉጥ ነበር። በየጥምዙ አባቴ «ይዟል?» ይለዋል፤ ሹፌሩም ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል «ይዟል» ይመልሳል። እኔም የምችለው ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ቀኝ እግሬን በወለሉ ላይ አጥብቄ እረግጥ ነበር። ያ ቃል ከመንገዱ ይልቅ በቤታችን ዘመን አገኘ፤ ሰው መሰላል ሲወጣ፣ ሕፃን ከእቅፍ ወደ እቅፍ ሲተላለፍ፣ ታማሚ ተደግፎ ሲነሣ፣ «ይዟል?» «ይዟል» መባባል ልማዳችን ሆኖ ቀረ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ፍሬን የጉዞ ፍጻሜ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ደስታ የሚገኘው ከፍጥነት ነው፣ ፍሬን ደግሞ ደስታው ካለቀ በኋላ የሚመጣ በር ዘጊ ነው ብዬ እገምት ነበር። ባቡሯ ስትነሣ ግን ይህ ግምቴ ፈረሰ። የሚስበው ነገር ፉርጎዎቹን ከጫፍ አድርሶ ከለቀቃቸው በኋላ የሚነዳቸው ሞተር የለም፤ ያላቸው ሀብት የወጡት ከፍታ ብቻ ነው፤ ይህንም እየመነዘሩ እስከ መጨረሻው ይጓዛሉ። ስለዚህ እጀታውን የያዘው ሰው ለባቡሯ አንዳች ፍጥነት ሊጨምርላት አይችልም፤ የተሰጠው ሥልጣን የመንሣት ሥልጣን ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ ሥልጣን የሚያደርገው ነገር ግን ብዙ ነው። ወደ ጉብታው ጫፍ ስንቀርብ ጥቂት ቢነሣን፣ ባቡሯ ጉብታውን አቅፋ ታልፋለች፣ እኛም በመቀመጫችን ላይ እንደተደላደልን እንቀራለን፤ ምንም ሳይነካ ቢለቃት፣ ሐዲዱ ከሥራችን ቁልቁል ሲሸሽ ሥጋችን ገና ወደ ላይ መሄዱን ስላልተወ፣ ለአንድ ዐይን ጥቅሻ ያህል ከወንበሩ እንነሣና ክብደታችን ይጠፋል። አንጀት የሚንሳፈፍበት፣ ሕፃናቱ በአንድ ቃል የሚጮኹበት ያ ጊዜ፣ ያ ሰው በዝምታ የሰጠን ጸጋ ነው።

ሥራው ሲያበቃ ከሰውየው ጋር ጥቂት ተነጋገርን። ጧት መንኰራኩሮቹ ቀዝቃዛ ስለሆኑ ባቡሯ ትሰንፋለች፤ ማታ ቅባቱ ሞቆ ሲላላ ትፈጥናለች፤ ጎልማሶች ሞልተዋት ስትወርድ ሕፃናት ብቻ ከጫነችበት ጊዜ የተለየች ናት፤ ዝናብም የራሱ ጠባይ አለው። ይህን ሁሉ በምን ያውቁታል ብዬ ብጠይቀው፣ በመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ የእንጨቱን ድምፅ እሰማለሁ አለኝ። ከመጀመሪያው ቁልቁለት በኋላ ያለውን መንገድ የሚወስነው ጆሮው ነው ማለት ነው። ስንለያይ ባርኔጣዬን አንሥቼ እጅ ነሣሁት፤ በአማርኛም እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልሁት፤ ቃሉን ባይሰማ አሳቡን ሰምቶታል።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስደኝ የዜማ ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። ከቅዱስ ያሬድ የወረስነው ዜማ በፊደሉ ራስ ላይ የሚጻፉ ምልክቶች አሉት፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ይባላሉ፤ ኋላም ድርስና አንብር ተጨምረዋል። እኛ ሕፃናቱ ሂደቱን ባገኘን ጊዜ ድምፃችንን ለቅቀን መሮጥ እንወድ ነበርና፣ ይዘቱን ሳናየው እናልፈው ነበር፤ መምህራችንም በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አድርገው ሁሉን ከመጀመሪያው ያስጀምሩን ነበር። ያኔ እንደ ቅጣት የቆጠርሁት ነገር ምሥጢሩ የተገለጠልኝ በሰው አገር፣ በጨዋታ ባቡር ላይ ሆነ። ይዘት የሂደት ጠላት አይደለም፤ ያለ ይዘት ሂደቱ ጩኸት እንጂ ዜማ አይባልም። የዴንማርኩ ሰው እጀታ በሐዲዱ ራስ ላይ የማይታይ ምልክት ይጽፋል፤ እኛም ሳናውቀው በሥጋችን እናዜመዋለን።

በማግሥቱ ዓርብ ነበር። ከጥቁር አጃ የተጋገረውን፣ እርሾው የኛን ድፎ ያሳሰበኝን ዳቦ፣ በሆምጣጤ ከተዘፈዘፈ ዓሣ ጋር አቀረቡልኝ። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር በአገሬ ሊቃውንት መካከል ገና እልባት ያላገኘ ነውና፣ እኔም ፍርዱን ለሊቃውንቱ ትቼ ዳቦውን ብቻ በላሁ። ፈረንጆቹ ግን አንድም ነገር ሳይጠይቁ ዓሣውን ወደ ጎን አድርገውልኝ አተር አመጡልኝ፤ ይህን ትሕትናቸውን አልረሳውም።

አትላንቲክን ተሻግሬ የደረስሁበት ኮኒ አይላንድ ሌላ ጠባይ ያለው ቦታ ነው። ባሕሩ ራሱ ይጮኻል፤ ሻጩ ይጮኻል፤ የተጠበሰ ቋሊማ ሽታ ከጨው ነፋስ ጋር ተቀላቅሎ ከሰው ልብስ አይለቅም። በዚህ ዳርቻ ነው ላማርከስ ቶምሰን በ1884 በሰዓት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትሄድ ባቡር አቁሞ፣ በ5 ሳንቲም ሰው ማሳፈር የጀመረው፤ ሯጭ በእግሩ ሊቀድማት በሚችል ፍጥነት ሰዎች ተደስተው መውረዳቸውን ሳስብ፣ የፍርሃት መስፈሪያ ከዘመን ጋር እንደሚለዋወጥ ተረዳሁ። ዛሬ የስፍራው ክብር ሳይክሎን ነው፤ በ1927 የተከፈተ፣ 26 ሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት ሮለር ኮስተር። እዚህ ፍሬን ያዡ አብሮ አይሳፈርም፤ በጣቢያው ቆሞ ይጠብቃል። ባቡሩ ሲመለስ ረጅሙን እጀታ በሙሉ ሰውነቱ ይስባል፤ ያን ጊዜ በሐዲዱ መካከል የተጋደሙት ሰሌዳዎች ተነሥተው የፉርጎዎቹን ሆድ ይፈትጋሉ። መንገደኛው ይህን ፍትጊያ በአጥንቱ ይሰማዋል፤ ደረቱ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳች የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ከጎኔ የነበሩት አንዲት ሽማግሌ ሴት፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሚሳፈሩበት ነግረውኝ፣ ከቁልቁለቶቹ ሁሉ ይልቅ የሚወዱት ይህን የመጨረሻውን መንገጫገጭ እንደሆነ ቢገልጹልኝ ነገሩ ገባኝ፤ ከአደጋ የተረፈ ሰው መትረፉን የሚያውቀው በሆነ ድንጋጤ ነውና።

ወደ ደቡብ ከመውረዴ በፊት በፔንሲልቬኒያ ተራሮች መካከል፣ ቀድሞ ማውክ ቸንክ ትባል በነበረች ከተማ ጥቂት ቆየሁ። እዚህ በ1827 የድንጋይ ከሰል የሚያወርድ የባቡር መንገድ ተሠርቶ ነበር፤ ፉርጎዎቹ ከማዕድኑ ተራራ እስከ ወንዙ ድረስ 14 ኪሎ ሜትር ያህል በገዛ ክብደታቸው ይንሸራተታሉ፣ ሰው በእጅ ፍሬን ይገታቸዋል፣ ባዶዎቹን ደግሞ በቅሎዎች ወደ ላይ ይመልሷቸዋል። ለበቅሎዎቹም ፉርጎ ተለይቶላቸው፣ ገለባቸውን እየበሉ ከከሰሉ ጋር ይወርዱ ነበር! በቅሎ ክብር በሆነባት አገር ተወልጄ፣ ገደል የሚያህል ቁልቁለት በኮቴዋ እየለካች ስንት ሰው ያሻገረች እንስሳ ተቀምጣ ስትወርድ በዓይነ ሕሊናዬ ስላየሁ፣ ለብዙ ጊዜ ፈገግታ ከፊቴ አልጠፋም። ኋላ ከሰሉ በሌላ መንገድ መሄድ ሲጀምር፣ ሰዎች ለደስታ ብቻ ይወርዱበት ጀመር፤ ብዙዎች የአሜሪካን ሮለር ኮስተር አባት አድርገው የሚቆጥሩት ይህንን መንገድ ነው። እንግዲህ የደስታው ባቡር ከሥራው ባቡር የተወለደ ከሆነ፣ ፍሬን ያዡም ከዚያው የመጣ ውርስ ነው።

በዚሁ ግዛት በፒትስበርግ ከተማ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1869 የንፋስ ፍሬን አወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አሳቡን ገልብጦ አሻሻለው። በመጀመሪያው ሥራ ንፋሱ ሲላክ ፍሬኑ ይይዛል፤ ቧንቧው ቢቀደድ ግን ባቡሩ ያለ ልጓም ይቀራል። በሁለተኛው ሥራ በቧንቧው ያለው ንፋስ ሲጎድል ፍሬኑ በራሱ ይይዛል፤ ጉዳቱ ራሱ ጠባቂ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ በብዙ ሮለር ኮስተሮች ሐዲድ ላይ የተተከለው የፍሬን መንጋጋም ይህንኑ ፈለግ ይከተላል፤ ተዘግቶ የሚኖር ነው፣ ኃይል የሚያስፈልገው ባቡሩን ለማሳለፍ እንጂ ለመያዝ አይደለም። እኔ ይህን ጥበብ ከማሽን ብልሃትነት አልፎ የደግ ሰው አሳብ ሆኖ አገኘሁት፤ የገዛ ሥራው አንድ ቀን እንደሚሰበር አስቀድሞ አምኖ፣ በተሰበረበት ሰዓት ማንም እንዳይጎዳ ያሰናዳ ሰው ነውና።

በቨርጂንያ፣ በአሌክሳንድርያ ከተማ፣ የእኅቴ ልጅ ተቀበለችኝ። ደጃፏ ላይ ስደርስ የሽሮና የእጣን ሽታ ተቀላቅሎ ስለመጣብኝ የት እንዳለሁ ለጊዜው ጠፋኝ። ከእራት በኋላ ቡናው እየተቆላ ሳለ፣ አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጇ በአውሮፓ ያየሁትን ስነግራት በጽሞና ሰምታኝ፣ በሚጣፍጥ ስብርባሪ አማርኛዋ፣ «ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ሌላ ላሳይዎት» ብላ ከጓዳ የመዳብ ቧንቧና ከትምህርት ቤት የተሰጣትን ትንሽ ማግኔት ይዛ መጣች። ማግኔቱ መዳቡን እንደማይስብ አስነካችልኝ፤ እውነትም አይስብም። ከዚያ ቧንቧውን አቁማ ማግኔቱን ከላይ ለቀቀችው። እንደ ድንጋይ ይወድቃል ብዬ እጄን ከታች ብዘረጋ፣ ቆየ። ዓይኔን ወደ ቧንቧው ውስጥ ብሰድ፣ የቅጠል ያህል ቀስ እያለ፣ ግድግዳውን ሳይነካ ሲወርድ አየሁት። ሦስት ጊዜ አስደገምኋት።

የነገሩ ምክንያት ከብዙ ዘመን በፊት የታወቀ ነው። ማግኔት በመዳብ ወይም በአሉሚኒየም አጠገብ ሲያልፍ በብረቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽክርክሪት ይነሣል፤ ሄንሪክ ሌንዝ በ1834 እንዳስረዳው፣ ይህ የተነሣው ኃይል ሁልጊዜ የወለደውን እንቅስቃሴ ይቃወማል። በዘመናችን ሮለር ኮስተሮች ይህን ባሕርይ ለፍሬን አውለውታል፤ በባቡሩና በሐዲዱ ላይ ማግኔትና የብረት ክንፎች ትይዩ ሆነው ይሠራሉ፣ አንዱ በሌላው መካከል ሳይነካካ ያልፋል። የሚፈተግ ነገር የለም፣ የሚጋል ጨርቅ የለም፣ ዝናብም አያሰንፈውም፤ መብራት ቢጠፋም ማግኔቱ ማግኔት ነው። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ተቃውሞው ከፍጥነቱ ከራሱ የሚወለድ መሆኑ ነው፤ ባቡሩ ሲያዘግም እርሱም ይለዝባል፣ ባቡሩ ሊቆም ሲቃረብ ኃይሉ ይከዳዋል። ስለዚህ ፈጽሞ ሊያቆም አይችልም፤ የመጨረሻውን እርምጃ በሐዲዱ ላይ የተተከለው መንጋጋ ወይም ጎማ ይፈጽመዋል።

ልጅቱ ይህን ስታስረዳኝ፣ እኔ ግን የኮፐንሃገኑን ሰውዬ አስቤ፣ ጆሮ የሌለው ፍሬን የመንገደኛውን ነፍስ እንዴት ያውቃል አልኋት። ጥቂት አሰበችና፣ «ጋሼ፣ ሰው እኮ ይደክመዋል» አለችኝ። መልስ አጣሁ። የጣርማበሩ ሹፌር ዓይን በእንቅልፍ ቀልቶ እንደነበር፣ አባቴም ያን ሁሉ «ይዟል?» የጠየቀው ፍሬኑን ተጠራጥሮ ብቻ ሳይሆን ሰውየውን እንዳያንቀላፋ ለማንቃት ጭምር እንደነበር፣ በዚያች ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ተገለጠልኝ።

በማግሥቱ ሦስታችን ወደ ደቡብ፣ ዶዝዌል ወደሚገኘው ኪንግስ ዶሚንየን ወረድን። በዚያ 93 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር የሚበር የብረት ሮለር ኮስተር አለ፤ በ2010 ሲከፈት ኢንቲሚዴተር 305 ይባል ነበር፣ ኋላ ፓንቴሪያን ተባለ። ታሪኩን ልጅቱ በመንገድ ላይ አጫወተችኝ። መጀመሪያ እንደተከፈተ፣ ከታላቁ ቁልቁለት ሥር ያለውን ጥምዝ ሲያልፉ ደም ከራሳቸው ወደ እግራቸው እየሸሸ፣ የብዙ መንገደኞች ዓይን ይጨልም ነበር። ከዚህ የተነሣ በቁልቁለቱ ላይ ፍጥነት የሚቀንስ ፍሬን ተጨመረ። የዚህ ዓይነቱን ፍሬን የሮለር ኮስተር ወዳጆች አይወዱትም፤ ነጻ ሆኖ ሊወርድ የተነሣ ሰው በመካከል መንገድ እጅጌውን እንደ መያዝ ይቆጥሩታል፤ በጉብታ ላይ ሲሆንማ ከወንበር የመነሣትን ጸጋ ይነሣቸዋል። መሐንዲሶቹ ግን በዚህ አልቆሙም፤ በተከታዩ ክረምት የጥምዙን ብረት ለውጠው ሰፋ አደረጉት፣ ከቁልቁለቱም ላይ ፍሬኑን አነሡት። ይህ ሥራ በዓይኔ ከፍ ያለ ነው። ዜማው ስቶ እንደሆነ ይዘት መደርደር ለጊዜው ያድናል፤ መምህር የሆነ ሰው ግን ተመልሶ ሂደቱን ያርማል።

በረጅሙ ተሰልፈን ደረሰን፤ እኔና ልጅቱ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ እናቷ ከታች ቀረች። የሚስበው ገመድ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። ከጫፉ ላይ የቨርጂንያ ዱር እስከ አድማስ ድረስ ተዘርግቶ ታየኝ፤ በኮፐንሃገን ያጣሁት የገደል አፍ ይኸው ከፊቴ ተከፈተ። «እጅዎን ያንሡ» አለችኝ ልጅቱ፤ እኔ ግን የፊተኛውን ብረት እንደጨበጥሁ በስመ አብ ብዬ ወረድሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን በሥርዓት ልተርከው አልችልም። በሥሩ ባለው ጥምዝ ላይ፣ ሰፍቶም እንኳ፣ የዓለም ዳርቻ በዓይኔ ዙሪያ ጥቂት ደበዘዘ፤ ሰውነቴ እንደ እርሳስ ከበደ፤ ወዲያው ደግሞ ክብደት የሚባል ነገር ከእኔ ተለይቶ ሄደ፤ ነፍሴ ቀድማኝ ስትሄድ፣ ሥጋዬ ሲከተል፣ ሥጋዬ ሲቀድም ነፍሴ ስትከተል፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ዘመን አለፈ።

መጨረሻው መጣ። የሳይክሎንን ፍትጊያ ጠብቄ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ አንዳች አልነካንም። ድምፅም አልነበረም። ደረቴ ቀስ ብሎ ወደ ማሰሪያው ተጠጋ፤ ያ ሁሉ ማዕበል፣ እናት የሚሮጥ ሕፃኗን በእቅፏ ስትቀበለው እንደሚሆነው፣ ሳይሰበር ለዘበ። ሳላውቀው ባርኔጣዬን ለማንሣት እጄን ወደ ራሴ ሰደድሁ፣ ዞርም አልሁ፤ ከኋላችን እየሳቁ የሚያለቅሱ ሁለት ጎረምሶች ብቻ ነበሩ። ከፊታችን ያለው ባቡር ጣቢያውን ስላልለቀቀ እዚያው ቆመን ጠበቅን፤ በሐዲዱ ክፍል ሁሉ ከአንድ ባቡር በላይ እንዳይገባ የሚያዝዝ፣ ከታላቁ የባቡር መንገድ የተወረሰ ሕግ አለና። በዚያች ጸጥታ ውስጥ የልቤን ምት ቆጠርሁ። ልጅቱም ምንም ሳትናገር እጇን በእጄ ላይ አድርጋ ቆየች።

ስንመለስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። ልጅቱ ከኋላ ተኝታለች፤ የእኅቴ ልጅ ትነዳለች፤ እኔ ከጎኗ ነኝ። መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ፣ ከፊታችን ያሉት መኪናዎች ሁሉ ፍሬን በያዙ ቁጥር ቀዩ መብራት ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀባበለ፣ እንደ ጧፍ ሰልፍ እስከ ኮረብታው ድረስ ይበራና ይጠፋ ነበር። ልጆቿን ለማሳደግ ሌሊት በሆስፒታል፣ ቀን በሌላ ሥራ እንደምትውል አውቃለሁና፣ ፊቷን በዚያ ቀይ ብርሃን አየሁት፤ ደክሟታል። አንድ መኪና ድንገት ከፊታችን ገባ። እኔም ከሃምሳ ዓመት በፊት እንዳደረግሁት፣ ቀኝ እግሬን በወለሉ ላይ አጥብቄ ረገጥሁ።

ዓይኗን ከመንገዱ አላነሣችም።

«ይዟል፣ ጋሼ» አለችኝ።